ያመረቀዘ ቁስልን ለማጽዳት የሚውሉ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች እንዴት ይፈተናሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደሩ ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አዩርቬዳ ስለ ቁስል ማጽዳት ምን ያስተምራል?

አዩርቬዳ የሕንድ ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት ሲሆን ከቅርንጫፎቹ አንዱ ቀዶ ሕክምና ነው። በሱሽሩታ ስም የሚታወቀው የሳንስክሪት ድርሳን ቁስልን በሁለት ይከፍላል፤ አንደኛው ሽታው የከፋ፣ መግል የያዘና ቀለሙ የተለወጠ የተበላሸ ቁስል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ለመዳን የተዘጋጀ ንጹሕ ቁስል ነው። ድርሳኑ ለቁስል ሕክምና ስድሳ የአሠራር ዓይነቶችን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም መካከል መብጣት፣ መግል ማፍሰስ፣ በተቀቀለ የዕፅ ውሃ ማጠብ፣ በለጥፍ፣ በቅቤና በዘይት መቀባት፣ ማጠንና በፋሻ ማሰር ይገኙበታል።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። የተበላሸው ቁስል መጀመሪያ ይጸዳል፤ እንዲሽር የሚረዳው መድኃኒት የሚቀርበው ከጸዳ በኋላ ብቻ ነው። ዛሬ በሆስፒታል የሞተ ሥጋና መግል ተጠርጎ ሳይወጣ ቁስል አይዘጋም የሚለው መመሪያም ከዚህ ጋር ይስማማል። ስለዚህ የአዩርቬዳ አባባል «ይህ እጥበት ቁስሉን ከተበላሸ ወደ ንጹሕ ደረጃ በፍጥነት ያሸጋግረዋል» ተብሎ ሊጻፍ፣ ሊለካና ሊፈተን የሚችል ግልጽ አባባል ነው።

የትኞቹ መድኃኒቶች ናቸው በብዛት የሚጠቀሱት?

ለማጠቢያ ከሚውሉት መካከል ሃሪታኪ፣ ቢቢታኪና አማላኪ ከተባሉ ሦስት የደረቁ ፍሬዎች የሚዘጋጀው ትሪፋላ ይገኛል፤ የአምስት ዛፎች ልጣጭ ተቀቅሎ የሚወጣው ፓንቻቫልካላም ታዋቂ ነው። ከአምስቱ ዛፎች አራቱ በእኛ አገር የሾላና የዋርካ ወገን ከምንላቸው ጋር የሚዛመዱ ናቸው። የኒም ቅጠል፣ እርድ፣ ከማር ጋር የተለወሰ የተፈጨ ሰሊጥና ንጥር ቅቤም ተደጋግመው ይጠቀሳሉ። ጃትያዲ የሚባለው ዘይት ወይም ቅቤ ደግሞ የጃስሚን ቅጠል፣ ኒም፣ እርድ፣ ሰም እና የመዳብ ሰልፌት ያለበት ውህድ ነው። ይህ የመጨረሻው ንጥረ ነገር ማዕድን በመሆኑ «ዕፅ ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

ቁስል አመረቀዘ የሚባለው መቼ ነው?

ማንኛውም ክፍት ቁስል ላይ ባክቴሪያ ይገኛል፤ መገኘቱ ብቻውን ቁስሉ ታሟል አያሰኝም። በዙሪያው ያለው ቆዳ ሲቀላ፣ ሲሞቅና ሲያብጥ፣ ሕመሙ ሲጨምር፣ መግል ሲወጣ ወይም ሽታው ሲለወጥ ያን ጊዜ ቁስሉ አመርቅዟል ይባላል። ይህ ለፈታኙም ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም ንጹሕ የሆነ ጭረትን «ያመረቀዘ ቁስል» ብሎ በጥናት ውስጥ ያስገባ ሰው፣ ምንም ቢቀባበት በራሱ የሚሽር ቁስል ይዞ መድኃኒቱን ያመሰግናል።

ለሺህ ዓመታት ያገለገለን መድኃኒት እንደገና መፈተን ለምን ያስፈልጋል?

ረጅም አገልግሎት ሁለት ነገሮችን ይነግረናል። አንደኛ፣ መድኃኒቱ ወዲያውኑ የሚገድል መርዝ አለመሆኑን፤ ሁለተኛ፣ ብዙ አስተዋይ ሰዎች ሊመረመር የሚገባው ነገር እንዳዩበት። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለጥናት የሚመረጠውን ዕፅ ከሺዎች መካከል ለመለየት ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ነገር ግን አብዛኞቹ ቁስሎች ያለ መድኃኒትም ስለሚሽሩ፣ የዳነው ሰው ከመድኃኒቱ የተነሣ ይዳን ወይም ከሰውነቱ ብርታት የተነሣ ይዳን በልምድ ብቻ መለየት አይቻልም። ያልዳኑት ደግሞ ታሪካቸውን ለመንገር ወደ ሐኪሙ አይመለሱም።

ልምድ ለዘመናት እንዳሳሳተ የሚያሳዩ ምሳሌዎች በቁስል ሕክምና ውስጥ ብዙ ናቸው። አዲስ በተቆረጠ እትብት ላይ እበት መቀባት በሕንድም በኢትዮጵያም በአንዳንድ አካባቢዎች የቆየ ልማድ ነበር፤ ቀቢዎቹ እናቶችና አያቶች ከልብ በመነጨ ፍቅር ያደርጉት ነበር፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጨቅላዎችን በመንጋጋ ቆልፍ መቅጠፍ ነበር። ሕንድ የእናቶችንና የጨቅላዎችን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ በዓለም የጤና ድርጅት የተረጋገጠው በ2015 ነው፤ ለዚህም ክትባትና ንጹሕ አዋላጅነት ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው። ልማዱን ማክበርና ልማዱን መፈተን አይጋጩም፤ እንዲያውም በቅንነት መፈተን የከበሬታው አንዱ መልክ እንደሆነ የዚህ ገጽ ጸሐፊ ያምናል።

በላቦራቶሪ ባክቴሪያ እንደሚገድል ከተረጋገጠ በቂ አይደለምን?

በቂ አይደለም፤ በዚህ ርዕስ ላይ ከሚፈጠሩት አለመግባባቶች ሁሉ የበዛው የሚመነጨውም ከዚህ ነው። የተለመደው ሙከራ ባክቴሪያ በሳህን ላይ አራብቶ የዕፁን ጭማቂ መጨመርና በዙሪያው የተፈጠረውን ባዶ ክብ መለካት ነው። የክቡ ስፋት የሚወሰነው ግን በመድኃኒቱ ኃይል ብቻ አይደለም፤ ጭማቂው በሳህኑ ላይ ባለው ረጋ ያለ ምግብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠራጭም ይወስነዋል። ዘይት በደንብ ስለማይሠራጭ ጥሩው የዘይት መድኃኒት ደካማ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሌላ በኩል ባክቴሪያውን ለማቆም የሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን ሲለካ፣ ለዕፁ ጭማቂ በሚሊግራም ለአንቲባዮቲኩ በማይክሮግራም መሆኑ እየታየ «እኩል ውጤት ሰጠ» ተብሎ ይጻፋል። አንዱ ሚሊግራም አንድ ሺህ ማይክሮግራም ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ በቁስል ላይ ያለ ባክቴሪያ በሳህን ላይ እንዳለው አይኖርም። እርስ በርሱ ተጣብቆ ባዮፊልም የተባለ የሚያሟልጭ ሽፋን ውስጥ ይደበቃል፤ እዚያ ሲሆን ተበታትኖ ሳለ ከሚገድለው መጠን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መድኃኒት ይቋቋማል። ከቁስል የሚወጣው ፈሳሽም በፕሮቲን የተሞላ ነው፤ የትሪፋላና የልጣጭ እጥበቶች ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ታኒን ደግሞ ከፕሮቲን ጋር በቀላሉ ይጣበቃል፤ ስለዚህ በንጹሕ ሳህን ላይ የነበረው ኃይል በቁስሉ ፈሳሽ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ጥሩ ላቦራቶሪ ሙከራውን በባዮፊልም ላይና የደም ፕሮቲን በተጨመረበት ፈሳሽ ውስጥ ይደግመዋል።

ሦስተኛው ነገር ባክቴሪያን የሚገድል ሁሉ የሰውን ሕዋስም ሊገድል መቻሉ ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ያልቀጠነ አዮዲን ቆዳ የሚጠግኑትን ሕዋሳት በላቦራቶሪ እንደሚጎዱ ይታወቃል። ስለዚህ ያው ጭማቂ በያው መጠን በሰው ቆዳ ሕዋሳት ላይም መሞከር አለበት፤ ይህ ያልተደረገበት ጥናት ግማሹን ጥያቄ ብቻ ነው የመለሰው።

በአይጥ ላይ የተሠሩ ጥናቶችስ ምን ያህል ይታመናሉ?

የአይጥ ቆዳ ልል ነው፤ ቁስሉ በአብዛኛው የሚዘጋው ጠርዞቹ ወደ መካከል በመሰብሰባቸው ነው። የሰው ቁስል ግን ከታች አዲስ ሥጋ እየሞላና ከዳር ቆዳ እየተሳበ ይሽራል። ይህን ልዩነት ለመቀነስ በአይጡ ቁስል ዙሪያ ቀለበት ሰፍተው ቆዳው እንዳይሰበሰብ የሚያደርጉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ያላደረጉት ጥናቶች ግን ይበዛሉ። ደግሞም ጤነኛ በሆነ ወጣት አይጥ ጀርባ ላይ ዛሬ የተቆረጠ ቁስል፣ ለወራት መግል ሲያመነጭ ከቆየ የስኳር ሕመምተኛ እግር ጋር የሚያመሳስለው ነገር ጥቂት ነው። የእንስሳት ጥናት አደጋ ለመለየት ይጠቅማል፤ ስለ መዳን ግን ብዙ አይመሰክርም።

እስካሁን በሰው ላይ የተሻለ ማስረጃ ያለው የትኛው ነው?

ማር ነው። በ2015 የታተመው ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት ግምገማ 26 ሙከራዎችንና ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን አጠቃሎ እንዳሳየው፣ ማር መካከለኛ ጥልቀት ያለውን ቃጠሎ ከተለመዱት ሽፋኖች ከ4 እስከ 5 ቀን ገደማ ቀድሞ ያሽራል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያመረቀዘ ቁስልንም በፀረ-ጀርምና በጎዝ ከሚደረገው እንክብካቤ ይልቅ በፍጥነት ያድናል። በደም ሥር ችግር በሚመጣ የእግር ቁስል ላይ ግን ግልጽ ጥቅም አላሳየም። በቃጠሎ ላይ ከተሠሩት ሙከራዎች ብዙዎቹ ከአንድ የሕንድ ማዕከል የመጡ በመሆናቸውም በሌሎች እጆች መደገማቸው አስፈላጊ ነበር። ማር የሚሠራበት ምክንያት ይታወቃል፤ ስኳሩ ከባክቴሪያው ውሃ ይመጥጣል፣ ኮምጣጣነቱ ባክቴሪያን ያስቸግራል፣ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ደግሞ በውስጡ ያለው ኢንዛይም በጥቂት በጥቂቱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል።

ከቁስል እጥበት ትንሽ ራቅ ቢልም ሊጠቀስ የሚገባው ሌላው ክሻራ ሱትራ የተባለው በመድኃኒት የተነከረ ክር ነው። ክሩ የሚዘጋጀው ከቁልቋል ወገን በሆነ ተክል ወተት፣ በአገራችንም በሚበቅለው የጠለንጅ አመድና በእርድ ሲሆን፣ በፊንጢጣ አካባቢ መግል የሚያመነጭን ቦይ ቀስ በቀስ ለመክፈትና ለማጽዳት ያገለግላል። የሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በበርካታ ሆስፒታሎች ያካሄደውና በ1991 የታተመው ሙከራ ክሩን ከቀዶ ሕክምና ጋር በዕጣ አነጻጽሮ ነበር። በክሩ የታከሙት ለመዳን 8 ሳምንት ገደማ ሲፈጅባቸው በቀዶ ሕክምና የታከሙት 4 ሳምንት ወሰደባቸው፤ ሕመሙ የተመለሰባቸው ግን በክሩ 4 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምናው 11 በመቶ ነበሩ። በአንድ በኩል ያሸነፈበትን፣ በሌላ በኩል የተሸነፈበትን ሳይደብቅ የሚናገር እንዲህ ያለ ውጤት ለባህላዊ መድኃኒት ከማንኛውም ሙገሳ ይበልጣል።

እርድ ቁስል እንደሚያድን በአሜሪካ ፓተንት ተሰጥቶት አልነበረምን?

ተሰጥቶ ነበር፤ ተሰርዟልም። በ1995 በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ለሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች እርድን ለቁስል ማዳኛ የመጠቀም ፓተንት፣ ማለትም ሌላው ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት የሚከለክል የፈጠራ መብት፣ ተሰጠ። የሕንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ይህ ሐሳብ በሕንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ መሆኑን በጽሑፍ ማስረጃ አቅርቦ ተከራከረ፤ ፓተንቱም በ1997 ተሰረዘ። ብዙዎች ይህን ፍትሐዊ ድል እርድ ቁስል እንደሚያድን ማረጋገጫ አድርገው ይወስዱታል፤ የተረጋገጠው ግን ሐሳቡ አዲስ አለመሆኑ ብቻ ነው። የፓተንት ቢሮ ስለ ቀዳሚነት እንጂ ስለ ፈውስ አልፈረደም።

የእርድ ቢጫ ንጥረ ነገር የሆነው ኩርኩሚን በላቦራቶሪ ብዙ ተስፋ ቢያሳይም ሁለት ችግሮች አሉበት። በውሃ ውስጥ በፍጥነት ይበሰብሳል፤ በተጨማሪም ራሱ ቀለም ያለው፣ ብርሃን የሚያመነጭና ከብዙ ፕሮቲኖች ጋር የሚጣበቅ በመሆኑ የመለኪያ መሣሪያዎችን ያሳስታል፤ ምንም ሳያደርግ የሠራ ያስመስላል። በ2017 የታተመ ሰፊ የኬሚስቶች ግምገማ ይህን በዝርዝር አስጠንቅቋል። እርድን በቁስል ላይ መፈተን የሚፈልግ ተመራማሪ ከላቦራቶሪው ውጤት ይልቅ በጥንቃቄ በታቀደ የሰው ሙከራ ቢተማመን ይሻለዋል።

በሰው ላይ የሚደረግ ጥሩ ሙከራ ምን ዓይነት ነው?

በመጀመሪያ ጥያቄው አንድና ግልጽ መሆን አለበት። ለምሳሌ፦ ያመረቀዘ የእግር ቁስል ያለባቸው የስኳር ሕመምተኞች ተገቢው የሆስፒታል እንክብካቤ ሁሉ እየተደረገላቸው፣ ቁስላቸው በትሪፋላ ውሃ ቢታጠብ በጨዋማ የሕክምና ውሃ ከሚታጠቡት ይልቅ በ12 ሳምንት ውስጥ ብዙዎቹ ይድናሉ ወይ? ማነጻጸሪያው ወሳኝ ነው። ቁስል ማጠብ በራሱ ይጠቅማል፤ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ እንኳ ከጨዋማው ውሃ ይልቅ ልክፈት (ቁስልን የሚያመረቅዝ የጀርም ወረራ) እንደሚጨምር የሚያሳይ ማስረጃ በግምገማዎች አልተገኘም። ስለዚህ የዕፅ እጥበትን ምንም ካለማጠብ ጋር ያነጻጸረ ጥናት የውሃውን ጥቅም ለዕፁ ይሰጠዋል።

ሕመምተኞቹ በዕጣ መመደብ አለባቸው፤ የሚመዘግባቸው ሐኪምም የሚቀጥለው ዕጣ የቱ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ቀላሉን ቁስል ወደሚወደው ቡድን መላኩ አይቀርም፤ ይህንም የሚያደርገው ሳያውቀው ነው። የሚለካው ነገርም አስቀድሞ ተወስኖ መጻፍ አለበት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2006 ባወጣው መመሪያ ቁስል ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል የሚባለው ቆዳው ፈሳሽ ሳያወጣና ሽፋን ሳይፈልግ በሁለት ሳምንት ልዩነት በተደረጉ ሁለት ተከታታይ ምርመራዎች ሲረጋገጥ ነው። የባክቴሪያ ቁጥር፣ የሕመም ስሜትና የቁስሉ ስፋት ቢለኩ መልካም ነው፤ ሕመምተኛው የሚጠይቀው ግን መዳኑን፣ ካልሆነም እግሩ አለመቆረጡን ነው።

የሰዎቹ ብዛት ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል ጉዳይ ነው። በተለመደው እንክብካቤ በ12 ሳምንት 40 በመቶ የሚድኑ ከሆነና መድኃኒቱ ይህን ወደ 55 በመቶ ያሳድጋል ተብሎ ከታሰበ፣ ልዩነቱን 80 በመቶ በሆነ ዕድል ለማየት በእያንዳንዱ ቡድን 173 ገደማ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ አቋርጠው የሚሄዱት ሲታሰቡ ደግሞ ከዚያ በላይ። በዚህ መስክ የሚታተሙት ብዙዎቹ ጥናቶች በቡድን 15 ወይም 30 ሰው ብቻ ያላቸው ስለሆኑ፣ ጥቅም ቢኖርም ላያዩት፣ ባይኖርም በአጋጣሚ ሊያገኙት ይችላሉ።

መድኃኒቱ በቀለሙና በሽታው የሚለይ ከሆነ ማን ምን እንደተሰጠው ሳይታወቅ መሞከር እንዴት ይቻላል?

እርድ ፋሻውን ቢጫ ያደርገዋል፤ የኒም ዘይት ሽታም ከሩቅ ይለያል። ተመሳሳይ ቀለምና ሽታ ያለው ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት ዘይት ማዘጋጀት አንዳንድ ጊዜ ይቻላል። ካልተቻለ ግን ቢያንስ ውጤቱን የሚመዝነው ሰው መለየት የለበትም፤ ቁስሉ በጨዋማ ውሃ በደንብ ከታጠበ በኋላ መለኪያ ከጎኑ አድርጎ ፎቶ ማንሳትና ፎቶዎቹን በሌላ ከተማ ላሉ፣ ቡድኑን ለማያውቁ ሐኪሞች መላክ ይቻላል። ይህ ብዙ ወጪ የሌለበት መፍትሔ ነው፤ ያላደረገው ጥናት ምክንያት ሊያቀርብ ይገባል።

ውህዱን እንዳለ መፈተን ይሻላል ወይስ ንጥረ ነገሩን ነጥሎ?

ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክለኛ ናቸው፤ የሚመልሱት ግን የተለያየ ነገር ነው። አዩርቬዳ የሚለው ውህዱ ይሠራል ነው፤ ስለዚህ የአዩርቬዳን አባባል የሚፈትን ሰው መጀመሪያ ውህዱን በድርሳኑ እንደተጻፈው አዘጋጅቶ መፈተን አለበት። አንድ ንጥረ ነገር ነጥሎ አልሠራም ማለት ውህዱን አይፈርድበትም። በ2015 በእንግሊዝ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው የአገራቸውን የዓይን መድኃኒት በነጭ ሽንኩርት፣ በሌላ የሽንኩርት ወገን፣ በወይን ጠጅና በበሬ ሐሞት ሠርተው ሲሞክሩት፣ መድኃኒት የለመደ ስታፊሎኮከስ የተባለ ቁስል የሚያመረቅዝ ባክቴሪያን በብዛት ገደለ፤ ንጥረ ነገሮቹ ለየብቻ ሲሞከሩ ግን ያን ያህል ኃይል አልነበራቸውም።

ችግሩ ውህዱ ዛሬና ነገ አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የዕፁ ዝርያ፣ የተቆረጠበት ወራት፣ አፈሩና አቀቃቀሉ ጥንካሬውን ይለውጡታል። ስለዚህ ናሙናው በዕፀዋት ቤተ መዘክር ተመዝግቦ መቀመጥ፣ የንጥረ ነገሮቹ መጠን በኬሚካል መለካትና የእያንዳንዱ ዙር ዝግጅት መመዝገብ አለበት። በ2006 የዕፅ መድኃኒት ሙከራዎችን ለሚዘግቡ የወጣው ማሟያ መመሪያ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

አዩርቬዳ ሕክምናውን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስለሚሰጥ በዕጣ ሊፈተን አይችልም ይባላል፤ እውነት ነውን?

እውነት አይደለም። በዕጣ የሚመደበው መድኃኒቱ ሳይሆን የሕክምናው መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያው በቡድኑ ውስጥ እንደ ሕመምተኛው ጠባይ የፈለገውን ይመርጣል። ይህ በተግባር ታይቷል፦ በ2011 የታተመ፣ በደቡብ ሕንድ ኮይምባቶር ከተማ በ43 የመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ የአዩርቬዳ ሐኪሞች ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የተለያየ መድኃኒት እንዲያዙ ፈቅዶ፣ ሐኪሙም ሕመምተኛውም እውነተኛውን ከማስመሰያው ሳይለዩ አካሂዶታል። ለመገጣጠሚያ የተቻለው ለቁስልም ይቻላል።

ያመረቀዘ ቁስል ያለበትን ሰው ያለ አንቲባዮቲክ ትቶ መሞከር ተገቢ ነውን?

አይደለም። በሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ አዲስ ሕክምና ከታወቁት ሕክምናዎች ከሁሉ ከተሻለው ጋር እንዲነጻጸር ያዝዛል። ልክፈቱ ወደ ሥጋ፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ ደም ከዘለቀ ላዩን ማጠብ አይደርስበትም። ስለዚህ በዚህ መስክ የሚመረጠው አሠራር ሁሉም ሕመምተኞች የሚገባቸውን አንቲባዮቲክ፣ የሞተ ሥጋ ጠረጋና የስኳር ቁጥጥር እያገኙ የእጥበቱ ዓይነት ብቻ እንዲለይ ማድረግ ነው። ትኩሳት ሲነሣ፣ ቅላቱ ሲስፋፋ ወይም ሥጋው ሲጠቁር ሕመምተኛው ከሙከራው ወጥቶ ሙሉ ሕክምና የሚያገኝበት ደንብ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ ፈቃዱም በሚያውቀው ቋንቋ መጠየቅ ይኖርበታል።

የመድኃኒቶቹ አደጋ ምንድን ነው?

በቤት የተቀቀለ የዕፅ ውሃ በሰዓታት ውስጥ ራሱ የባክቴሪያ መራቢያ ሊሆን ይችላል። ከቀፎ የመጣ ማር ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ስለሚችል ለቁስል የሚዘጋጀው የሕክምና ማር በጋማ ጨረር ይጸዳል። አንዳንድ የአዩርቬዳ ዝግጅቶች ሆን ተብሎ ማዕድን ይገባባቸዋል፤ በ2004 በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከተሸጡ 70 የሚዋጡ የአዩርቬዳ ምርቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል፤ በ2008 በኢንተርኔት የተገዙ 193 ምርቶች ሲመረመሩም አንድ አምስተኛ ገደማው እንደዚሁ ሆኗል። ጥናቶቹ ስለሚዋጡት ቢሆኑም፣ ሰፊ ክፍት ቁስል ላይ የተቀባ ነገርም ወደ ደም ስለሚገባ ያው ምርመራ ለቅባቶቹም መደረግ አለበት።

«በመንግሥት ፈቃድ ያለው» የሚል ጽሑፍ ካለበት ተፈትኗል ማለት ነውን?

የግድ አይደለም። ሕንድ የአዩርቬዳ መድኃኒቶችን የምታስተዳድረው በ1940ው የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ ሲሆን፣ ከ2014 ወዲህ ጉዳዩን የሚመራ አዩሽ የተባለ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አላት። በሕጉ ከተዘረዘሩት ጥንታዊ መጻሕፍት በአንዱ እንደተጻፈው የተሠራ መድኃኒት ለተጻፈለት ሕመም ሲሸጥ በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ እንዲያቀርብ አይገደድም፤ መጽሐፉ ራሱ እንደ ማስረጃ ይቆጠርለታል። ስለዚህ ፈቃዱ ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ ፈዋሽነቱ አይናገርም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሕንድ ሱቆች ለሚገዙ ወገኖቻችን ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ባህላዊ መድኃኒት ምን ይጠቅማል?

ማር፣ እርድና ኒም በእጃችን ያሉ ናቸው፤ ኒም በድሬዳዋና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎች በብዛት ይበቅላል፤ እሬትም ለቁስል ሲያገለግል ኖሯል። የሕንድ ማር ወይም የሕንድ ኒም ውጤት ግን በቀጥታ ለእኛ አይሠራም፤ ማሩ የተቀሰመበት አበባ ሲለያይ ፀረ-ባክቴሪያ ኃይሉም ይለያያልና። ከሕንድ ልንወስደው የሚገባው የሙከራውን ሥርዓትና የዕውቀቱን ጥበቃ ነው። ሕንድ ከእርዱ ክርክር በኋላ በ2001 ባህላዊ ዕውቀቷን በዲጂታል መዝገብ ማሰባሰብ ጀመረች፤ በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 482/1998 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ማኅበረሰቡ በጀነቲክ ሀብቱና በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለው ደንግጓል። የባህል ሐኪሙን ዕውቀት ወስዶ የሚፈትን ተመራማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህን መብት በውል ማስፈር አለበት።

እስከዚያው ያመረቀዘ ቁስል ያለበት ሰው ምን ያድርግ?

እጁን ታጥቦ ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠብ፤ ንጹሕነቱ የሚያጠራጥር ከሆነ አፍልቶ ያቀዝቅዘው፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍነው። እበት፣ አመድና አፈር ፈጽሞ አይደረግበት። ስኳር ያለበት ሰው፣ የእንስሳ ወይም የሰው ንክሻ፣ ጥልቅ ውጋት፣ የሚስፋፋ ቅላት፣ ትኩሳት ወይም የጠቆረ ሥጋ ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱም ይታይለት። ባህላዊ መድኃኒት ተቀብቶ ከሆነ ለሐኪሙ ሳያፍር ምን እንደተቀባ ይንገር።

የታተሙት ጥናቶች ሁሉ «ውጤታማ ነው» የሚሉ ከሆነ ለምን እንጠራጠራለን?

ሁሉም መስማማታቸው ራሱ የጥርጣሬ ምክንያት ስለሆነ ነው። እውነተኛ መድኃኒት እንኳ በትናንሽ ሙከራዎች አንዳንዴ ይሸነፋል፤ ሽንፈት የማይታይበት መስክ ሽንፈቶቹ በመሳቢያ ውስጥ የቀሩበት መስክ ነው። ይህን ለመከላከል ሕንድ በ2007 የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ ከፍታለች፤ ከሰኔ 2009 ጀምሮም ምዝገባው ግዴታ ሆኗል።

መዝገቡ ለማንም ክፍት ስለሆነ አንባቢው ራሱ ሊመረምር ይችላል። በጽሑፉ ላይ የምዝገባ ቁጥር አለ ወይ? ምዝገባው የተደረገው የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት ነው ወይ? በመዝገቡ ላይ ዋና መለኪያ ተብሎ የተጻፈው «ሙሉ መዳን» ሆኖ ሳለ በታተመው ጽሑፍ ላይ «የመግል መቀነስ» ወይም «የሽታ መሻሻል» ሆኖ ከተገኘ፣ ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉትን ሳያገኙ ሲቀሩ ያገኙትን መርጠው አቅርበዋል ማለት ነው። በመዝገቡ 200 ሰዎች ታቅደው 38ቱ ብቻ ከተዘገቡም የቀሩት 162 ሰዎች ምን እንደሆኑ ጽሑፉ ሊያስረዳ ይገባዋል።